በእኛ ሁለት ሰዓት

እኔ በምሠራቸው የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ላይ «በእኛ» የሚል ቃል አይገኝም። ቀጠሮ የሚይዝ ፕሮግራም ከሆነ «ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ» ብሎ ይጽፋል። ደንበኞቼ በዚህ ይማረራሉ። ጽሑፉ ረዘመ፣ ስክሪኑን ሞላው፣ ሰው ይስቅብናል ይላሉ። ይሳቅ እላለሁ። ሌላውን ሁሉ እንደ ፈቃዳቸው እቀይራለሁ፤ ቀለም ቢሉ ቀለም፣ ፊደል ቢሉ ፊደል። ይችን ግን አልነካም። ግትር ነው ይሉኛል፤ ልክ ናቸው።

የምሠራው ደብረ ታቦር ነው፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል። ለክሊኒኮችና ለትናንሽ መሥሪያ ቤቶች ፕሮግራም እጽፋለሁ። ከሥራው ሁሉ ዕድሜዬን የበላው ቀንና ሰዓት ነው። «ቀን ማሳየት ምን ይከብዳል? የግድግዳው ካላንደር ያሳይ የለም ወይ?» ይሉኛል። መልስ መስጠት ከተውኩ ቆየሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር በሆዱ የሚይዘው ሰዓት አገር የለውም። አንድ ረጅም ቁጥር ነው፤ ዝም ብሎ ሲቆጥር ይኖራል። አገር የሚለብሰው ሰው ፊት ሲቀርብ ነው። አሜሪካዊው ወሩን ከቀኑ ያስቀድማል፣ እንግሊዙ ቀኑን ከወሩ። እኛ ደግሞ ዓመታችን ወደ ኋላ፣ ወራችን አሥራ ሦስት፣ ሰዓታችን ከፀሐይ መውጣት የሚነሣ። ፈረንጆቹ ለአማርኛ ብለው ያዘጋጁትን ተቀብለህ ዝም ብለህ ብትጠቀም፣ ነሐሴን «ኦገስት» ብሎ በገዛ ፊደላችን ይጽፍልሃል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት የሆነውን ደግሞ «2:00 ከሰዓት» ይልሃል። ፊደሉ የእኛ፣ ቁጥሩ የሰው። ይህን ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ለአንድ የጥርስ ክሊኒክ በሠራሁት የመጀመሪያው ፕሮግራም ላይ ጳጉሜን አልነበረችም። ከጉና በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ፣ ጉንጫቸው አብጦ፣ ቀጠሮ የምትይዘዋን ልጅ «ምነው ልጄ፣ በጳጉሜን ጥርስ አያምም ያለሽ ማነው?» ብለው ክሊኒኩን በሙሉ አሳቁት። እኔም ስቄ ወር ጨመርኩ። እንዲህ ያለው ስሕተት ይታረማል። ልናገረው የፈለግኩት የማይታረመውን ነው፤ እሱም የእህቴና የእናቴ ጉዳይ ነው።

እህቴ ታናሼ ናት። ከጉና ሥር ካለው መንደራችን ተነሥታ ዓረብ አገር የሄደችው እናታችን ሳትፈቅድ ነው። የሠርጓ ቀን ተቆርጦ፣ ገብሱ ተፈጭቶ፣ ጠላው ተጠንስሶ ነበር። አንድ ማለዳ ልብሷን በፌስታል ይዛ ደጅ ላይ ቆመችና «እምዬ፣ እኔ አላገባም፣ ልሄድ ነው» አለች። እናቴ ምንም አልለመነቻትም። ከምድጃው አጠገብ እንደተቀመጠች «ሂጂ። ከእንግዲህ ድምፅሽን አያሰማኝ!» አለቻት።

እናቴ አፏ እንደዚያ ነበር። ተናግራው ይበርድላታል፤ ሰሚው ግን ይዞት ይኖራል። የሠርጉን ጠላ ለጎረቤት አደለችው፤ የሙሽራው ወገኖች ሲመጡም ደጅ ወጥታ አንገቷን ደፍታ ተሰደበች። ከዚያ በኋላ የእህቴን ነገር ቤት ውስጥ አታስነሣም። «ደውላ ነበር፣ ሰላም ብላሻለች» ስላት «ሰላም ትበልህ» ብላ ወደ ማጀት ትገባለች። ሰላምታው ለእሷ እንደተላከ አውቃ ነው ለእኔ የምትመልሰው።

በኋላ እናቴ ታመመች። ደብረ ታቦርም ጎንደርም ሐኪም ቤት ውለን አድረን፣ የሚሆነው ሁሉ ከሆነ በኋላ፣ «ወደ ቤቴ መልሱኝ» አለች። መለስናት። እኔም ሥራዬን ትቼ አንዴ ከተማ አንዴ መንደር እመላለስ ጀመር። አንድ ቀን ትራሷን ሳስተካክል እጄን ያዝ አደረገችና «ድምጿን አምጣልኝ» አለችኝ።

የማንን ብዬ አልጠየቅኳትም።

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ» አለች። «እኔ ግን ማሸቴ አይቀርም። ሳልመርቃት ከሄድሁ ያ ያልሁት ነገር እላይዋ ላይ ይቀራል። የእናት ቃል ነው። መርቄ ላንሣላት።»

መንደራችን ውስጥ ስልክ አይሠራም። ሞገዱ የሚገኘው ከላይ ካለው ጋራ ጫፍ ነው። ሰው ሁሉ እዚያ ወጥቶ «ሃሎ ሃሎ» እያለ ስለሚጮህ ቦታውን «ሃሎ በር» ብለን እንጠራዋለን። ለጤነኛ ሰው መንገዱ ዳገት ነው። ለእናቴ በቅሎ፣ ደጋፊና የፈጣሪ ፈቃድ ያስፈልጋታል።

እህቴን በስልክ ያገኘኋት ከተማ ሳለሁ ነው። እሷ ስትደውል ብቻ ነው የምንገናኘው፤ አንዳንዴ ማታ፣ አንዳንዴ ጠዋት፣ ብቻ ቤቱ ጭር ሲል። እኔ እንዳልደውል አስጠንቅቃኛለች፦ ስልኳን ደብቃ ነው የምትይዘው፣ ከጮኸ ይነጥቋታል። የእናታችንን መልእክት ነገርኳት። ስታለቅስ ይሰማኛል፣ ግን ድምጿን ውጣ ነው የምታለቅሰው፤ የሰው ቤት ልማድ ነው።

«የፊታችን ዓርብ ወደ ሃሎ በር አውጧት» አለች በመጨረሻ። «ሁለት ሰዓት ላይ እደውላለሁ።»

እኔ እንግዲህ እንጀራዬ ሰዓት ነው። ዓረብ አገር የሰነበተ ሰው በየትኛው እንደሚቆጥር አይታወቅምና አጥብቄ ጠየቅኩ፦ «በእኛ ነው?»

«አዎ፣ በእኛ!» አለች። ከዚያ የበር ድምፅ ሰማሁ፤ ስልኩም ተቋረጠ።

ዓርብ ሊነጋጋ ሲል ተነሣን። በቅሎዋን የሚስበው የእናቴ ወንድም ነበር። አጎቴ ሽማግሌ ነው፣ በርኖሱን ከላዩ የማያወልቅ፣ ነገር የማያበዛ። እናቴ ንጹሕ ነጭ ነጠላዋን ከሣጥን አስወጥታ ለበሰች። ላስቃት ፈልጌ «እምዬ፣ ለስልክ ደግሞ ነጠላ ምን ያደርጋል? አታይሽም» አልኳት።

«ልመርቅ አይደለም የምሄድ?» አለችኝ።

ጫፉ ላይ ስንደርስ ከአንድ ድንጋይ ጥግ፣ ነፋሱ በማያገኛት በኩል አስቀመጥናት። ዙሪያው ጓሳና ጅብራ ነው፤ ከታች የገብሱ ማሳ ይታያል። ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ይዛዋለች። አጎቴ ጥላውን አየና «ሁለት ሰዓት ደርሷል» አለ። ስልኬም ላይ ደርሷል።

ስልኩ ጮኸ። እናቴ እኔን ሳትጠብቅ ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው፤ ቁልፉን እኔ ተጫንኩላት። «አቤት ልጄ!» አለች። እንደዚያ ስትል ሰምቻት አላውቅም። ቀጥላ ግራ ገብቷት አየችኝ። የወንድ ድምፅ ነበር፤ ኮምፒውተሩ አልከፈት ያለው የከተማ ደንበኛዬ። ስልኩን ተቀብዬ ሰውዬውን ዘርዝሬ ሰደብኩት፤ ምን እንዳደረገ ዛሬም አያውቅም።

ከዚያ በኋላ አልጮኸም። እናቴ መጀመሪያ «መንገድ ዘግቶባት ይሆናል» አለች። የስልክ መንገድ ምን እንደሚዘጋው አልገባኝም፤ ግን እሺ አልኳት። ፀሐይዋ ከፍ አለች። ቀጥሎ ጉም ከጉና ራስ ላይ ተንከባሎ ወረደና በቅሎዋን እንኳ ከእኛ ጋረዳት። የእናቴ ከንፈር ጠቆረ። አጎቴ በርኖሱን አውልቆ ደረበላት፤ ያን ቀን ነው ያለ በርኖስ ያየሁት።

«ልጄ፣ እህቴን ብርዱ ይጨርሳታል። እንውረድ» አለኝ።

«ትንሽ ታገሥ፣ አጎቴ። አሁን ትደውል ይሆናል» አልኩት።

ሰማዩ ሲያጉረመርም ግን እኔም ቆረጥኩ። በእናቴ ፊት ቁጢጥ ብዬ «እምዬ፣ ምርቃቱን ለእኔ ንገሪኝ፤ ስትደውል ቃል በቃል አደርስላታለሁ» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። «ምርቃት በአደራ አይሰጥም፣ ልጄ። አሜን የምትለው እሷ ናት።»

በረዶው መንገድ ላይ ያዘን። እናቴ ስልኩን ነጠላዋ ውስጥ ሸጉጣ፣ እንዳይረጥብ ደረቷ ላይ ይዛ ወረደች። ስልኩን ለእኔ የመለሰችልኝ ቤት ገብታ፣ ከተኛች በኋላ ነው። ሁለተኛ ወደ ጋራው ለመውጣት አቅም አላገኘችም። የሚቀጥለው ዓርብ ሳይደርስ ቀበርናት።

እህቴ የደወለችው ከቀብሩ በኋላ፣ እኔ ወደ ከተማ ስመለስ ነው። በእኛ አገር መርዶ ወግ አለው። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ማለዳ በር ይንኳኳል፣ ሰውየው ሲወድቅ የሚይዘው እጅ በዙሪያው ይዘጋጃል። እኔ ግን የልብስ ሰፊው ደጅ ላይ ቆሜ፣ መኪና እየጮኸብኝ፣ በስልክ ነገርኳት። «መቼ?» አለች። ነገርኳት። «እሺ» አለች። ያን ዕለት ለምን እንዳልደወለች ትነግረኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አልነገረችኝም። አፍራ ነው አልኩ፣ አምርሬም ነው ያልኩት።

በሐዘን ላይ ነገር አይነሣም ይባላል። እኛም አላነሣንም። ሐዘኑ ሲበርድ ደግሞ ነገሩ ዝገት ይዞት ነበርና እንደዚያው ተውነው። እህቴ ስትደውል ስለ ዝናብ፣ ስለ እህል ዋጋ፣ ስለ አጎታችን ጤና እናወራለን። ስለ እናታችን የመጨረሻ ቀናት አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። እኔም ስለ ሃሎ በር ትንፍሽ አላልኩም። አዝኜላት ይሁን ቂም ይዤባት፣ ራሴም ለይቼ አላውቀውም።

ከዓመታት በኋላ ተመለሰች። ደብረ ታቦር ቤት ተከራይታ ሻሽና ሽቶ መሸጥ ጀመረች። ስትመጣ ያየኋት ልጅ ከፌስታሏ ጋር የሄደችው አልነበረችም። ቶሎ ትራመዳለች፣ በር ሲንኳኳ ትደነግጣለች፣ ሰው ሲጠራት በዓረብኛ «ሃድር» ብላ ከተናገረች በኋላ «አቤት» ትላለች። ሰዓት የምታየው ስልኳ ላይ ነው፤ ስልኳም እዚያ እንደነበረው ነው። ገበያ ላይ ሰዓት ሲጠይቋት ጣቷን እያጠፈች ስድስት ስትቀንስ አይቼ ስቄባታለሁ።

በዚያው ሰሞን ለጥርስ ክሊኒኩ አዲሱን ፕሮግራም ጨርሼ ነበር። በሽተኛው ከስልኩ ሆኖ ቀጠሮ ይይዛል። መጀመሪያ የሚያየው ሁለት ቁልፍ ነው። «በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር» የሚለው ቁልፉ ላይ አልበቃ ቢለኝ አሳጠርኩት፦ አንዱን «በእኛ»፣ ሌላውን «በፈረንጅ» አልኩት። ኮርቼባቸው ነበር። ይህን ማን ያጣዋል?

እህቴ በአንድ ወገን ብቻ ስታኝክ ስላየኋት፣ ጥርሷንም ፕሮግራሜንም በአንድ ጊዜ ልሞክር ብዬ «በይ፣ የመጀመሪያዋ ደንበኛ አንቺ ሁኚ» አልኳት። እያየኋት «በእኛ» የሚለውን ነካች። ለማግሥቱ ሁለት ሰዓት ላይ ቦታ አገኘች።

በማግሥቱ ጠዋት ሐኪሙ ደወለልኝ። «እህትህ ቀረች እኮ። ለእሷ ብዬ ሌላ ሰው መልሻለሁ» አለኝ። አፈርኩ። እሷ ከቀትር በኋላ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ተናዳ ደረጃዬን ወጣች።

«ምን ዓይነት ክሊኒክ ነው? ሰዓትሽ አልፏል ብለው መለሱኝ» አለች።

«አልፏላ! ምን ሆነሽ ነው ሰው የምታስጠብቂው?»

«እኔ ነኝ ያስጠበቅሁ? በሰዓቴ ነው የሄድሁ።»

«ቀጠሮሽ ሁለት ሰዓት ነው።»

«ሁለት ሰዓት ነዋ!» ስልኳን ዓይኔ ሥር ደገነችው። ሁለት ሰዓት ካለፈ ገና ብዙ አልቆየም፣ በስልኳ።

«በእኛ ብለሽ ነው እኮ የመረጥሽ።»

«አዎ፣ በእኛ!» አለች።

በዚያው ድምፅ ነው ያለችው። ያኔ በስልክ፣ የበሩ ድምፅ ከመሰማቱ በፊት እንዳለችው፣ እንደዚያው ፈጠን አድርጋ። ቀጥላም ምንም ሳይመስላት ማስረዳቷን ያዘች። «እኛ ቤት ሁለት ሰዓት ማዳም ምሳ በልታ የምትተኛበት ነው። ስልኬን ካስቀመጥሁበት የማወጣ ያኔ ነበር። ጆሮዬ ለምዶት ነው፣ ሁለት ሰዓት ሲባል...»

«የትኛው እኛ?» አልኳት።

አላሰብኩበትም፤ ከአፌ ወጣ። እሷም ቆመች። ስልኳን አየች፣ እኔን አየች። ቁጣዋ ከፊቷ ላይ ሲሄድ አየሁት።

«ለምንድነው እንደዚህ የምትጠይቀኝ፣ ወንድምዬ?»

«ያን ዓርብ» አልኳት፣ «ስንት ሰዓት ላይ ነው የደወልሽ?»

«ሁለት ሰዓት ላይ ነዋ። ማዳም እንደተኛች። እስክትነቃ ድረስ ደወልሁ። ዝግ ነው፣ ዝግ ነው ይለኛል።» ስልኳን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው። «አስዘግታው ነው ብዬ... እዚያ ከወጣች በኋላ ሐሳቧን ለውጣ። ድምፅሽን አያሰማኝ ብላኝ የለ? ከዚያ ወዲያ ለመደወል ፈራሁ። ስትነግረኝም ልጠይቅህ አልቻልሁም። አንተም ዝም አልህ።»

ፕሮግራሙ ከፊቴ ተከፍቶ ነበር። የአገሮች ሰዓት የሚመረጥበትን ክፍል በየጊዜው ስለምነካው በቃሌ አውቀዋለሁ። እህቴ የነበረችበት አገርና እኛ አንድ የሰዓት መስመር ላይ ነን። የሚቀነስም የሚደመርም የለም። እዚያ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን እዚህም አናት ላይ ናት። እናቴ ድንጋዩን ተደግፋ ስትጠብቅ እህቴ በዚያው ጠዋት ሳህን እያጠበች ነበር። ሰዓታቸው አንድ ነው፤ የተለያየው አጻጻፉ ብቻ ነው። ቂሜ ይቺን በምታህል ነገር ላይ ቆሞ እንደኖረ ሳውቅ ምን እንደማደርግ ጠፋኝ። ልቆጣ ፈለግኩ፤ የምቆጣው ሰው አልነበረም።

«አላስዘጋችውም» አልኳት። «በጠዋት ነው የወጣን። በእኛ በሁለት... በጠዋቱ ሁለት ሰዓት። አንቺ ስትደውይ በረዶ አባርሮን ቤት ገብተን ነበር። ቤት ደግሞ ስልክ እንደማይሠራ ታውቂያለሽ።»

«ሃሎ በር ወጥታ ነበር?»

«በበቅሎ። አጎቴ ደግፏት።»

«እየታመመች?»

«እየታመመች።»

የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጥርሷን በሚያማት ወገን ጉንጯን በመዳፏ ያዘች። «ምን ለብሳ ነበር?» አለችኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም።

«ነጩን ነጠላዋን። ለስልክ ምን ያደርጋል ብላት፣ ልመርቅ አይደለም የምሄድ አለችኝ።»

«ልትመርቀኝ?»

«ሌላ ምን ያወጣታል? ስልኩ አንዴ ጮኸ፤ የሌላ ሰው ነበር። አንቺ መስለሻት አቤት ልጄ አለች።»

እህቴ በዚህ ጊዜ ማልቀስ ጀመረች። እዚያ እንደለመደችው ድምጿን ውጣ ነው የምታለቅሰው። እዚህ ማንም አይቆጣሽም፣ ጩኺ ልላት ፈልጌ ነበር። እኔም አለቀስኩ።

«ምን ብላ መረቀችኝ?» አለች በኋላ። «ቃሉን ንገረኝ።»

ብዋሽላት ደስ ባለኝ። የእናቴን ምርቃት አውቀዋለሁ፣ ስንቱን ስትመርቅ ሰምቻታለሁ። ግን እናቴ ራሷ የከለከለችኝን እንዴት አድርጌ ልስጣት?

«አልተናገረችውም» አልኳት። «ለእኔ ንገሪኝና ላድርስላት ብያት ነበር። ምርቃት በአደራ አይሰጥም፣ አሜን የምትለው እሷ ናት አለችኝ። ይዛው ወረደች።»

ከታች የልብስ ሰፊው የስፌት መኪና ይሰማል። እህቴ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ከወንበሩ ተነሣችና ጫማዋን አወለቀች። ነጠላዋን አደገደገች፣ አንገቷንም ዝቅ አደረገች። ቀና ብዬ ሳያት ከኮምፒውተሩና ከእኔ በቀር ከፊቷ ምንም አልነበረም።

«አሜን» አለች።

ቀና ሳትል ደገመችው። «አሜን፣ እምዬ።»